የሲልቨር ሻዶው የፍሬን ግፊት ቶሎ ስለሚወርድ እርዳታ እጠይቃለሁ

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ሮልስ ሮይስ ሲልቨር ሻዶው በራሴ እየጠገንኩ ነው። ፍሬኑ ላይ ግን ሥራዬ ስለቆመ፣ ይህን መኪና ፈትታችሁ የገጠማችሁ ባለሙያዎች ሐሳባችሁን እንድትለግሱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በዚህ መኪና ፍሬኑ የሚይዘው በአብዛኛው በእግር ጉልበት ሳይሆን፣ በሞተሩ ካምሻፍት የሚገፉ ሁለት ፓምፖች ናይትሮጅን በያዙ ሁለት አኩሙሌተሮች (የግፊት ማጠራቀሚያዎች) ውስጥ በሚያጠራቅሙት፣ እስከ 2500 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) በሚደርስ የዘይት ግፊት ነው። ከሁለቱ የግፊት መስመሮች አንደኛው ደህና ነው፤ ሞተሩን አጥፍቼ ፔዳሉን ከሃያ ጊዜ በላይ ብረግጥም ግፊት መውረዱን የሚያስጠነቅቀው መብራቱ አይበራም። የሌላው መስመር መብራት ግን ፔዳሉን ሳልነካው እንኳ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይበራል።

የአኩሙሌተሩን ጎማ ቀይሬ ናይትሮጅኑን በ1000 ፒኤስአይ አስሞልቻለሁ፤ ለውጥ አላመጣም። ወለሉ ላይ አንዲት የዘይት ጠብታ የለም። ሆኖም የዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍቼ ጆሮዬን ሳስጠጋ፣ ቀጭን የፉጨት ድምፅ ይሰማኛል፤ ስለዚህ ዘይቱ በውስጥ በኩል ወደ ማጠራቀሚያው እየተመለሰ ይመስለኛል። የምጠቀመው አርአር363 የተባለውን ትክክለኛ ዘይት ነው፤ ከ1980 ወዲህ ለመጡት ሞዴሎች የሚሆነው የማዕድን ዘይት ጎሚኒዎቹን (የጎማ ማሸጊያዎቹን) ስለሚያበላሽ ፈጽሞ አላስጠጋሁትም።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ዘይቱን የሚያሳልፈው ከአኩሙሌተሩ ጋር የተያያዘው ቫልቭ ይሁን ወይስ በፔዳሉ በኩል ያሉት የማከፋፈያ ቫልቮች፣ ሁሉንም ሳልፈታ እንዴት መለየት እችላለሁ? መስመሩን በየት በኩል ደፍኜ ብሞክር ይሻላል? ቤተሰብ የምጭንበት መኪና ስለሆነ በግምት መሄድ አልፈልግም።