ኩርስክን በሶቪየት በኩል ስንጫወት አሰላለፉ እንዴት ይሁን? (ፓንዘር ኮርፕስ)

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፓንዘር ኮርፕስ በሚባለው የኮምፒዩተር ጌም የ1943 እ.ኤ.አ.ን የኩርስክ ውጊያ ከሰው ጋር ልገጥም ነው፤ እኔ ሶቪየት ነኝ፣ እሱ ጀርመን። እግረኛውን በሙሉ ግንባር ላይ ልደርድረው ወይስ ሁለተኛ መስመር ላውጣለት? መድፍስ የት ይቀመጥ? ቲ-34 ታንኮቹን መቼ ልልቀቃቸው?

ቃፊር፦
አንድ መስመር ይቅርብህ። ፊት ላይ ርካሽ እግረኛ ብቻ፣ በመሃላቸው አንድ አንድ ሄክስ (የካርታው ባለ ስድስት ጎን ክፍል) እየተውክ በትን። ጠላት አጠገባቸው ሲደርስ ስለሚቆም ክፍተቱ አያሳልፈውም። አንዱ ሲወድቅ ግን የነበረበት ሄክስ ከግራና ከቀኝ ጎረቤቶቹ ስለሚርቅ የሚገታው የለም፣ ታንኩ በዚያ ሰተት ብሎ ይገባል። ስለዚህ ዋናው መስመር ሦስት አራት ሄክስ ወደ ኋላ፣ ከተማና ደን ይዞ፣ ያለ ክፍተት ይቁም።

መድፍ የሚያግዘው አጠገቡ ያለ ዩኒት (የጦር ክፍል) ሲጠቃ ነው። ተነካክተው ከቆሙ ሁለት እግረኞች ጀርባ ካስገባኸው ሁለቱንም ይሸፍናል። ከፊተኞቹ ጋር ካስቀመጥከው አብሯቸው ይደመሰሳል። ደግሞ የመሸገ ዩኒት ከተንቀሳቀሰ ምሽጉን ያጣል፣ በመጀመሪያው ተራ ቦታ ሰጥተህ አትነካካቸው።

ደጀን፦
ለኮምፒዩተሩ ይሄ ይበቃል፣ ለሰው ግን ይጎድለዋል። ብልህ ተጫዋች እግረኛህን አይነካም፣ መጀመሪያ መድፍህን በቦምብ ጣይ ያደነዝዛል (ለጊዜው እንዳይተኩስ ያደርጋል)። ከዚያ በየጥቃቱ ምሽግህ አንድ ደረጃ ይወርዳል፤ መሐንዲሶቹ ደግሞ ምሽግ የሚባል ነገር አይቆጥሩም። በሁለት መድፎች መካከል፣ ሁለቱንም የሚነካ አንድ ፀረ አውሮፕላን ካላቆምክ መስመሩ በሁለት ተራ ያልቃል።

ጥይትም ተመልከት። መድፍ ባገዘ ቁጥር ጥይት ይበላል፣ ተጋጣሚህም ይህን አውቆ ደካማ ዩኒት እየላከ ያስተኩስሃል። ጠላት ጎንህ ከቆመ ስንቅና ጥይት መሙላት ስለሚቀንስ፣ ሳይደርስብህ ሙላ።

ሻምበል፦
ስለ ታንኩ እኔ ልናገር። ሐምሌ 12 ቀን 1943 እ.ኤ.አ. የሶቪየቱ ጄኔራል ሮትሚስትሮቭ ታንኮቹን ፕሮኮሮቭካ ሜዳ ላይ ፊት ለፊት ለቆ ያስጨረሰው እንዳይደገም! ሌላው የሶቪየት ታንክ አዛዥ ካቱኮቭ ግን በኦቦያን መንገድ ላይ ታንኮቹን ቀብሮ ጀርመኖችን አዘግይቷል። ሙሉ 10 ጥንካሬ ያለውን ታይገር (የጀርመን ከባድ ታንክ) አትንካው። ቲ-34ቶቹን ከዋናው መስመር ሁለት ሄክስ ወደ ኋላ ሰብስበህ ያዝ፤ ምሽግህን ሲገፋ ተጎድቶ ወደ 5 የወረደውን በሦስት በአራት ሆነህ ምታ፣ በዚያው ተራ ጨርሰው። ካልጨረስከው ሞልቶ ይመለስብሃል። ከተማ ውስጥ ታንክ አታስገባ፣ እዚያ እግረኛ ይበላዋል።

ጀማሪው፦
አመሰግናለሁ። ሰሜኑን ችላ ብለው ምን ይመጣብኛል?

ደጀን፦
ችላ አትበለው፣ ግን ደጀኑን ደቡብ ላይ አድርገው። በታሪክም የሰሜኑ የሶቪየት አዛዥ ሮኮሶቭስኪ ጥቃቱ በየት እንደሚመጣ በትክክል ገምቶ ጦሩን እዚያው ስላከማቸ የጀርመኑ ጄኔራል ሞዴል ብዙም አልገፋም፤ የደቡቡ አዛዥ ቫቱቲን ግን ሰፊ ግንባር ላይ መበተን ስለነበረበት በእሱ በኩል ጀርመኖች በጣም ጠልቀው ገብተዋል። በሰሜን ያለችውን ፖኒሪን በሁለት እግረኛና በአንድ መድፍ ያዝ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ተራ የሚያልቅበት አጥቂው ተጋጣሚህ ነው። ፊተኛው መስመር እያለቀ መሆኑን አይተህ ደጀኑን አትጥራ፣ ዋናው መስመር ሲነካ ብቻ አንቀሳቅሰው።