ልጁ አስቸገረ ወይስ ተቸገረ?

አወያይ፦ ኦቲዝም ያለበት ተማሪ ክፍል ውስጥ ሲጮህ፣ ወንበር ሲገፋ፣ ሮጦ ሲወጣ እንደ ሌላው ልጅ ይቀጣ ወይስ ሌላ መላ ይፈለግለት? እስቲ ወዲህ በሉ።

መምህሩ፦ ሐቁን ልናገር። ክፍል ሙሉ ልጅ ይዣለሁ። አንዱ ሲጮህ ትምህርቱ ይቆማል። ለሌላው የከለከልኩትን ለእሱ ስፈቅድ ደግሞ "እሱ ምን ስለሆነ ነው?" ይሉኛል። ደንብ ደንብ ነው።

እናት፦ መምህር፣ ደንብ ማን ጠላ? ቅጣት የሚሠራው ግን አስቦ ላጠፋ ነው። ልጄ ደወል በተደወለ ቁጥር ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ስር ይገባ ነበር። "አመለኛ ነው" ተባለና ከእረፍት አስቀሩት፣ እረፍት ማለት እኮ ትንሽ የሚተነፍስባት ሰዓት ናት! ባሰበት። በኋላ አንዲት ረዳት መምህርት ሊደወል 2 ደቂቃ ሲቀረው እየነገረችው ጆሮ መሸፈኛ ታቀብለው ጀመር። ስንት ወር የተጨቃጨቅንበት ነገር በዚህ ረገበ።

መምህሩ፦ እሺ፣ ደወሉ ገባኝ። ምንም ሳይኖር የሚነሳበትስ?

ኦቲስቲክ ነኝ፦ ለእርስዎ ነው ምንም የሌለው። አምፖሉ ሲጢጥ ሲል ይሰማኛል፣ ሸሚዜ ላይ የተሰፋው ምልክት አንገቴን ይፍቀኛል። ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፣ የአሜሪካ ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው የምርመራ መመሪያ ውስጥ ለድምፅ፣ ለብርሃንና ለንክኪ ያለን የተለየ ስሜት ከኦቲዝም ምልክቶች ተቆጥሯል።

ቴራፒስት፦ ልጁ ጥሩ ሲያደርግ መሸለምንም አትናቁት። ሎቫስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በሳምንት 40 ሰዓት ከሠለጠኑት 19 ልጆች 9ኙ መደበኛውን አንደኛ ክፍል ጨርሰዋል።

ኦቲስቲክ ነኝ፦ ልጆቹ ጭናቸውን ቸብ ይደረጉ እንደነበርም ጨምሩበት እንጂ!

ቴራፒስት፦ እኔ ልጅ አልመታም። እሸልማለሁ።

ኦቲስቲክ ነኝ፦ አምናለሁ። ግን የምትሸልመው ምኑን ነው? ዝም ማለቱን ከሆነ፣ እኔም ቀኑን ሙሉ ጨዋ ነበርኩ፣ ቤት በር ላይ ስደርስ ነበር የምፈነዳው። መምህሮቼ እናቴን "እኛ ጋ ምንም ችግር የለበትም" ይሏት ነበር፣ እሷም ጥፋቱ የራሷ እየመሰላት ስታለቅስ አስታውሳለሁ።

መምህሩ፦ ሌላ ልጅ ቢመታስ?

እናት፦ ያስቁሙታ! የተመታውም የሰው ልጅ ነው። ብቻ በዚያች ሰዓት ምክር አይሰማም፣ ጸጥ ያለ ቦታ ይውሰዱት። ሲረጋጋ ከመምታቱ በፊት ምን እንደነበር ይጻፉት። ሦስት አራት ጊዜ ሲጻፍ መንስኤው ብዙ ጊዜ ራሱ ይወጣል።

መምህሩ፦ እህቴ፣ አምፖሉንም አስቀይራለሁ፣ እጽፋለሁም። እሱን ይዤ ስወጣ ግን የቀሩትን ማን ይጠብቅልኝ?