የተጀመረ ሹራብ እንዴት ይጠናቀቃል?

ጥያቄ፦
ለእኅቴ ልጅ ክርስትና የሱፍ ሹራብ ጀምሬ ጀርባውን፣ ፊቱንና አንዱን እጅጌ ጨርሻለሁ፤ ሕፃኗ በ80 ቀኗ ስለምትጠመቅ የቀረኝ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። የራሴ ደግሞ ከክረምት ጀምሮ ከረጢት ውስጥ ተቀምጧል። ክፍሎቹን የምሰፋው ከማጠቤ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

መልስ 1፦
እኅቴ፣ አስቀድመው እያንዳንዱን ክፍል ለብ ባለ ውኃ ይንከሩ፤ ሳይጠመዝዙ በፎጣ ጠቅልለው ከጨመቁት በኋላ በሚፈለገው ልክ ዘርግተው ጠርዙን በስፒል ይዘው እስኪደርቅ ቢተዉት፣ ጠርዙ ስለማይጠቀለል መስፋቱ እጅግ ይቀላል። ክሩ አክሪሊክ (ሰው ሠራሽ ክር) ቢሆን ኖሮ በጋለ ካውያ እንዳይነኩት አስጠነቅቅዎ ነበር፤ ቀልጦ ቅርጹን ያጣልና።

መልስ 2፦
የክሩን ጫፎች በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን ወዲያና ወዲህ መልሰው ይደብቋቸው፤ አለዚያ በጥቂት እጥበት ይወጣሉ። ሕፃናት ያገኙትን ሁሉ ወደ አፋቸው ስለሚከቱ ቁልፉን በጠንካራ የስፌት ክር ይስፉት። ለእናትየዋም ሱፍ በሙቅ ውኃ ሲታሽ እንደሚኮማተር ይንገሯት፤ እኔ ሳልናገር ቀርቼ የሁለት ወር ድካሜ ለአሻንጉሊት የሚበቃ ሆኖ አይቻለሁ።

መልስ 3፦
ሁለተኛው እጅጌ ሁላችንንም ያሰለቻል። በሚቀጥለው ጊዜ ሁለቱን በአንድ መርፌ ላይ ጎን ለጎን፣ በሁለት ድቡልቡል ክር ቢሠሩ እኩል ያልቃሉ። የራስዎን ግን ካልወደዱት ይተርትሩትና ክሩን ለሌላ ያውሉት።