በኤሌክትሮኬሚካል ዘዴ የሚበሳ ቀዳዳ አፉ እንዳይሰፋ ምን ይደረግ?

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)

ጤና ይስጥልኝ። 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የማይዝግ ብረት ላይ በኤሌክትሮኬሚካል ዘዴ፣ ማለትም ብረቱን በኤሌክትሪክና በጨው ውኃ እያሟሟሁ፣ ቀዳዳ ለመብሳት እየሞከርሁ ነው። መሣሪያዬ የውጭ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ቱቦ ሲሆን፣ ኤሌክትሮላይቱ (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ፈሳሽ) ከአፍዴራ የሚመጣውን ጨው በውኃ አሟሙቼ የማዘጋጀው ነው። ብረቱ በደንብ ይሟሟል፤ ነገር ግን የቀዳዳው አፍ ወደ 7 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ ታቹ 5 ላይ ይቀራል። ጠዋት የበሳሁትና ከቀትር በኋላ የበሳሁትም ልካቸው አንድ አይሆንም። ቮልቴጁን ከ12 ወደ 8 ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ቱቦው ከብረቱ ጋር ተነካክቶ ጫፉ ይቃጠላል። የሠራበት ሰው ካለ ቢያስረዳኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ምላሽ (ከደሴ)

ወንድሜ፣ የአፉ መስፋት ከቮልቴጁ ይልቅ ከቱቦው ጎን የመጣ ነው። ቱቦው ወደታች በወረደ ቁጥር እርቃኑን ያለው ጎኑ ቀድሞ ከተበሳው ግድግዳ ጋር እየተያየ ስለሚቆይ፣ አፉ አካባቢ ያለው ብረት ሥራው እስኪያልቅ ድረስ መሟሟቱን አያቆምም። በቱቦው ጫፍና ከፊቱ ባለው ብረት መካከል ያለው ክፍተት 0.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ጎኑ ያልተሸፈነ ቱቦ 20 ሚሊ ሜትር ሲወርድ በአፉ በኩል የጎኑ ክፍተት በስሌት ወደ 2.8 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ጫፉ ላይ 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ አስቀርተው ሌላውን ቢሸፍኑት ግን ከላይ እስከ ታች 0.4 አካባቢ ሆኖ ይቀራል። በተግባር ቁጥሮቹ ከዚህ ያነሱ ቢሆኑም፣ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ያሳያሉ።

ስለዚህ ቱቦውን በኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ሙጫ) ይሸፍኑት። ከመሸፈንዎ በፊት ግን ከጫፉ በላይ ያለውን ክፍል በቶርኖ ጥቂት ቀጠን ያድርጉት፤ ሽፋኑ ከጫፉ ወጥቶ ካበጠ የፈሳሹን መንገድ ይዘጋል፣ ግድግዳውንም ሲነካ ይላጣል። ቮልቴጁን ሲቀንሱ ቱቦው የተነካካው የመውረጃውን ፍጥነት ሳይቀንሱ በመቅረትዎ ነው፤ ክፍተቱ ቮልቴጁ ሲቀንስ ይጠብባል፣ የመውረጃው ፍጥነት ሲበዛም ይጠብባል፣ ሁለቱ ሲደራረቡ ቦታ አይተርፍም።

ምላሽ (ከወልድያ)

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ የጠዋቱና የቀትሩ ልዩነት ግን ለብቻው መታየት አለበት። የጨው ውኃ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ በ2 በመቶ ገደማ ያድጋል። ጠዋት ቀዝቃዛ የነበረው በርሜል ከቀትር በኋላ 10 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ሌላ ምንም ሳይቀየር ክፍተቱ 20 በመቶ ያህል ሰፋ ማለት ነው። በርሜሉን ትልቅ አድርገው ቴርሞሜትር ይግጠሙለት፤ ሥራም የሚጀመረው ሁልጊዜ በአንድ ሙቀት፣ ለምሳሌ በ30 ዲግሪ ይሁን።

ጨዉን በተመለከተ፣ ያልተጣራ ጨው ውስጥ ያሉት ካልሲየምና ማግኒዥየም በቱቦው ጫፍ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራሉ፤ ቅርፊቱም ቀዳዳውን ያዛንፋል። ማታ አሟሙተው ያሳድሩት፣ ጠዋት የጠለለውን በወፍራም ጨርቅ ያጣሩት፤ ይህ ግን ያልሟሟውን ቆሻሻ እንጂ የሟሟውን ካልሲየምና ማግኒዥየም አያስወግድም። ሶዲየም ናይትሬት ካገኙ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅምዎታል፤ ሥራው ቢዘገይም፣ ከጫፉ ርቆ የሚገኘውን ብረት በስስ ሽፋን ስለሚጠብቀው የቀዳዳው ጠርዝ ስል ይሆናል። በናይትሬት የራሰ ጨርቅ ሲደርቅ በቀላሉ እንደሚቀጣጠል አይርሱ።

አንድ ነገር ከልብ እለምንዎታለሁ፦ የማይዝግ ብረት ክሮሚየም አለበት፣ ሲሟሟም፣ በተለይ በናይትሬት፣ መርዛማ የሆነው የክሮሚየም ዓይነት ሊፈጠር ይችላል። ዝቃጩን ወደ ቦርከና ወንዝ እንዳይደፉት፤ ከብትም ሰውም የሚጠጣው ውኃ ነው።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ቱቦውን ሸፍኜ፣ ውኃውንም 30 ዲግሪ ላይ አቆይቼ ሦስት ቀዳዳ በሳሁ፤ አፉ 5.0፣ ታቹ 4.8 ሆነ። አሁን የቀረኝ ቱቦው ብረቱን በስቶ ሊወጣ ሲል የታችኛው ጠርዝ መሸራረፉ ነው።

ምላሽ (ከደሴ)

እሱ ፈሳሹ በድንገት ወደታች ስለሚያመልጥ ነው። ከሥሩ ሌላ ቁራጭ ብረት አጥብቀው ይግጠሙበት፤ ቱቦው ወደ ቁራጩ ጥቂት ገብቶ ይቁም።