በድሮ ፎንት የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች፦ ምን ላድርጋቸው?

መደርደሪያ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ነው። ጓዳ ውስጥ በካርቶን የታጨቁ 212 ሲዲዎች አገኘሁ፤ የድሮ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች። ግማሾቹ ተጭረዋል። የሚከፈቱትም በቪዥዋል ግዕዝ (የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር) ስለተጻፉ ዎርድ ላይ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆነው ይወጣሉ። አለቃዬ «ወረቀቱ አለ አይደል፣ ጣለው» ይሉኛል። ወረቀቱን ደግሞ አይጥ ጀምሮታል። ከየት ልጀምር?

ቀለም፦ ኧረ እንዳትጥል! ዛሬውኑ ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጥ። ሲዲ እያደር ይበላሻል። ለየፋይሉ ቼክሰም (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ቁጥር) አውጣ፤ ኤስኤችኤ-256 የሚባለው የስሌት ዘዴ ይበቃል። በዓመቱ እንደገና አስልተህ ስታወዳድር አንዲት ቢት ብትቀየር ያጋልጣታል።

የብራና ልጅ፦ የፎንቱ ነገር እኔንም አቃጥሎኛል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት ሁሉም ሶፍትዌር የየራሱ ኮድ ነበረው። የድሮውን ፎንት ፈልገህ ጫን። ከዚያ ፎንቱን በውስጡ የሚይዘውን ፒዲኤፍ/ኤ (ለረጅም ጊዜ ማቆያ የሚሆን የፒዲኤፍ ዓይነት) አውጣ። ለፍለጋ የሚሆን የዩኒኮድ ቅጂም ያዝ። ዋናውን ፋይል ግን እንዳትነካ! እኔ ቀይሬ ዋናውን ሰረዝኩት፤ ለካ «ጸ» በሙሉ ጠፍቷል።

ቀለም፦ ሁለተኛ ዲስክም ግዛ፤ ሌላ ሕንፃ ይቀመጥ። ቧንቧ ሲፈነዳ አብረው እንዳይሄዱ።

መደርደሪያ፦ እሺ። ሲዲ የሚያነብ ኮምፒውተር ያለው ሒሳብ ክፍል ብቻ ነው። ነገ ቡና ጋብዤ እለምናቸዋለሁ።