እናቴን እያስታመምኩ እንጀራ እጋግራለሁ፤ ምክራችሁን እሻለሁ

ሾላ ገበያ አካባቢ እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። እናቴ ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ በሳምንት 3 ቀን ዲያሊሲስ (ደምን በማሽን ማጣራት) ታደርጋለች፤ አንዱ ዙር 4 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሊጥ ደግሞ ሰው አይጠብቅም፤ ኩፍ ካለ በኋላ ቶሎ ካልተጋገረ ይኮመጥጣል፣ ደንበኛም ይመልሰዋል።

እኔ ከእናቴ ጋር ስውል ጎረቤቶቼ ምጣዱን ተረክበው ይጋግሩልኛል። እርሷም ከማሽኑ እንደተነሣች፣ የመርፌው ፋሻ ገና ክንዷ ላይ እያለ፣ «የዛሬው እንጀራ ዓይኑ እንዴት ነው?» ትለኛለች። ያን ጊዜ ከልቤ ተመስገን እላለሁ። ማታ ሒሳብ ስሠራ ግን ምስጋናው ጠፍቶ ምሬት ይተካዋል፤ ያስጨነቀኝ ይኸው ነው።

ታማሚ እያስታመማችሁ ንግድ የያዛችሁ፣ ልባችሁ እንዳይመር ምን አደረጋችሁ? ለጎረቤቶቼስ ደመወዝ ልቁረጥላቸው ወይስ ቅር ይላቸዋል?