ዓይኔ ደረቅ ነው ተባልኩ፤ ታዲያ እንባው ከየት ይጎርፋል?

ጠያቂ፦ «የዓይን ድርቀት አለብሽ» ተብያለሁ። ግን ንፋስ ሲነካኝ ወይ ኮምፒውተር ላይ ስቆይ እንባው ጉንጬ ላይ ይወርዳል። የእንባ ዕጢው ከደረቀ ይኼ ሁሉ ውሃ ምንድን ነው? ጠብታ ላብዛ እንዴ?

መላሽ (ስለ ዓይን ቆብ)፦ ዕጢው ደርቋል ማን አለ? ዋናው የእንባ ዕጢ ያለው ብዙ ሰው እንደሚመስለው አፍንጫ አጠገብ ሳይሆን፣ ወደ ጆሮ በሚያደላው የላይኛ ቆብ ማዕዘን፣ ከግንባር አጥንት ሥር ነው። ከ8 እስከ 12 በሚሆኑ ቀጫጭን ቱቦዎች ቆቡ ሥር ያፈስሳል። በሽንኩርትና በጭስ ጊዜ የሚያጥለቀልቀው እሱ ነው። እንባ ግን ውሃ ብቻ አይደለም። ቆቡ ጠርዝ ላይ፣ ከሽፋሽፍቱ ኋላ የተደረደሩ ዕጢዎች ቅባት ያወጣሉ፤ ቅባቱ ውሃው እንዳይተን ይሸፍነዋል። እነሱ ሲደፈኑ እንባው ከ10 ሰከንድ በታች ይበጣጠሳል፣ ኮርኒያው (ከዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን) ይጋለጣል፣ ነርቩ ይቆጣል፣ ዋናው ዕጢም ጎርፉን ይለቀዋል። ቅባት የሌለው ጎርፍ ደግሞ ፈስሶ ያልቃል፤ ድርቀቱ እዚያው ነው። ስክሪን ላይ ሲፈጠጥ ዓይን እምብዛም ስለማይርገበገብ ይብሳል።

መላሽ (ስለ ጠብታ)፦ ዓይን ላይ በአንድ ጊዜ የሚቀመጠው እንባ 7 ማይክሮሊትር (የሚሊሊትር ሺህኛ) ገደማ ነው፤ አንድ ጠብታ ብቻውን ከ30 በላይ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ጠብታ ለጉንጭ ነው። በቀን ከ4 ጊዜ በላይ ከሆነ ማቆያ ኬሚካል የሌለውን ያዢ፣ ማቆያው ራሱ ኮርኒያውን ይጎዳል። የዓይን ቅላት የሚያጠፋውን ጠብታ ከዚህ ከእንባ ምትኩ ጠብታ ጋር አታምታቺው፤ ደም ሥር ከማጥበብ ያለፈ ሥራ የለውም።

ጠያቂ፦ እንባ ለመለካት የታችኛው ቆብ ውስጥ በሚሰካው ወረቀት ምርመራ፣ ወረቀቱ 14 ሚሊሜትር ረጥቧል።

መላሽ (ስለ ዓይን ቆብ)፦ በ5 ደቂቃ፣ ያለ ማደንዘዣ ከሆነ ከ10 ሚሊሜትር በላይ ደህና ነው፤ ውሃው አልጎደለም። እንግዲያው ቆቡ ላይ ሥሪ፦ የማያቃጥል ሙቅ ጨርቅ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ሲቀዘቅዝ እየቀየርሽ፤ ወዲያው የላይኛውን ቆብ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ በጣት በስሱ ማሸት። ሳይሞቅ ማሸት ዋጋ የለውም፣ ቅባቱ ረግቷል። ኩል ስትኳዪም ከሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ አታሳልፊ፣ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

መላሽ (ስለ እንባ ፍሳሽ)፦ አንድ ዓይን ብቻ ሁልጊዜ የሚያነባ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ወደ አፍንጫ የሚወርደው ቱቦ ተዘግቶ ይሆናል። በአፍንጫ በኩል ያለውን ማዕዘን ሲጫኑት መግል ከወጣ ሐኪም ጋ ነው። ትራኮማ በነበረባቸው አካባቢዎች ደግሞ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት መኖሩ ይታይ፤ ፀጉሩ ኮርኒያውን እየፋቀ ጠብታ ምንም አያደርግም፣ መፍትሔው የቆብ ቀዶ ሕክምና ነው።